1 ለ 0 ያለቀ የቤዝቦል ጨዋታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከሥራ በፊት ማኪያቶ የምንጠጣበት ቤት አለ። ወሬያችን በአብዛኛው ኳስ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ፣ ቡናና ጊዮርጊስ፣ ያው እንደማንኛውም ሰው። እኔ ግን ብዙ ቀን ሌሊት ተነስቼ ቤዝቦል አይቼ ነው የምመጣው። "ስንት ለስንት አለቀ?" ይሉኛል። "1 ለ 0" ስላቸው ይተያያሉ። "ሦስት ሰዓት ሙሉ ተጫውተው አንድ?" ከዚያ ጥያቄው ይዘንባል። ጥያቄዎቹ ከዓመት ዓመት ስለማይለወጡ መልሶቼን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

በቤዝቦል 1 ለ 0 ማለት ከኳስ 1 ለ 0 ጋር አንድ ነው?

አይደለም። በኳስ የተለመደ ውጤት ነው። በቤዝቦል ግን በአሜሪካው ትልቁ ሊግ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ በአማካይ ከ4 እስከ 5 ነጥብ ያስቆጥራል። 7 ለ 5 ወይም 9 ለ 3 ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ውጤቱ 1 ለ 0 ሆኖ ካያችሁት፣ የሆነ ሰው በዚያ ምሽት እጅግ ጎብዟል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያ ሰው ኳሷን የሚወረውረው ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። በኳስ ሁለት የፈሩ ቡድኖች ወደ ኋላ እየተቀባበሉ ባዶ ለባዶ ሊወጡ ይችላሉ። የመራ ቡድንም ኳሷን ይዞ ማዕዘን ጥግ ቆሞ ሰዓት ይገድላል። ቤዝቦል ላይ ይሄ አይሠራም። የሚያልቅ ሰዓት የለም። 8ኛውን ሰው ካስወጣህ በኋላም፣ 26ኛውን ካስወጣህ በኋላም፣ ቀጣዩ መቺ ዱላውን ይዞ ፊትህ ይቆማል። ልትወረውርለት ግድ ነው። 27ኛውን እስክታስወጣ ድረስ አላሸነፍክም። ሰሌዳው ላይ የምታዩት ዜሮ ሁሉ በላብ የመጣ ነው።

ደንቡን ባጭሩ?

በአንድ ቡድን ዘጠኝ ተጫዋች ይሰለፋል። ጨዋታው በዘጠኝ ዙር ይከፈላል፤ ዙሩ "ኢኒንግ" ይባላል። በእያንዳንዱ ኢኒንግ ሁለቱም ቡድኖች በየተራ ይመታሉ። ከሚመታው ቡድን ሦስት ሰው "አውት" ሲሆን ተራው ይቀየራል። አውት ማለት በሰፈር ጨዋታ "ሞተ" የምንለው ነው። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት መስመር የረገጠ ልጅ ይሞት አልነበር? እንደዚያው።

መቺው ኳሷን ከመታ በኋላ ይሮጣል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ቤዝ፣ ከዚያ ተመልሶ መነሻው። በመካከላቸው ያለው ርቀት 27 ሜትር ከምናምን ነው። ዞሮ መነሻው ከደረሰ አንድ ነጥብ ሆነ። ኳሷን ከአጥሩ አሻግሮ ከመታት ደግሞ ሆም ራን ነው፤ ማንም ሳያስቸግረው ዞሮ ይገባል።

ወርዋሪው መምታት በሚቻልበት ቦታ ወርውሮ መቺው ከሳተ ወይም ዝም ብሎ ካሳለፈ ስትራይክ ይባላል። በሦስት ስትራይክ መቺው ይሞታል። ከዚያ ቦታ ውጭ ወርውሮ መቺው ካልሞከረው "ቦል" ይባላል። አራት ቦል ከሆነ መቺው በነፃ አንደኛ ቤዝ ይሄዳል። የቀረውን እያያችሁ ትለምዱታላችሁ።

ታዲያ ነጥብ ከሌለ ምኑ ይታያል?

ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። አንድ ቅጽበት ብቻ ልውሰድና ላሳያችሁ።

ስምንተኛ ኢኒንግ ነው። ባዶ ለባዶ። አንድ ሰው ሞቷል። ሦስተኛው ቤዝ ላይ ሯጭ አለ፤ መነሻው ድረስ የቀረው 27 ሜትር ነው። መቺው ላይ ሦስት ቦልና ሁለት ስትራይክ ተቆጥሯል። ወርዋሪው ከመቺው በ18 ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት ላይ ቆሟል። የአንበሳ አውቶቡስ አንድ ተኩል ያህል በሉት። ከዚያ ርቀት በሰዓት 153 ኪሎ ሜትር የተወረወረች ኳስ መቺው ጋ የምትደርሰው በ0.4 ሰከንድ ገደማ ነው። ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ አለቀ። መቺው ኳሷ ገና መንገድ ላይ ሳለች መወሰን አለበት።

አሁን ወርዋሪው ምን ይወርውር? መሬት ለመሬት ብትመታ ሯጩ ሊገባ ይችላል። ወደ ሰማይ ርቃ ብትመታ፣ ይዘዋት መቺው ቢሞትም እንኳ፣ ሯጩ ከተያዘች በኋላ ተነስቶ መግባት ይፈቀድለታል። ስለዚህ የሚያስፈልገው መቺውን አንዴም ሳያስነካ መግደል ነው። ለዚህ ምርጧ ኳስ ወደ ታች የምትሰበረው ናት። ቀጥ ብላ መጥታ መቺው ጉልበት ጋ ስትደርስ ድንገት ትወድቃለች። ችግሩ፣ በጣም ከወደቀች መሬት ነክታ ከካቸሩ ታመልጣለች። ካቸሩ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የሚቀበለው ሰው ነው። ካመለጠችው ሯጩ ይገባል፣ ጨዋታውንም ሊወስን ይችላል። ማለትም ምርጧ ኳስ ራሷ አደገኛዋ ኳስ ናት።

ካቸሩ ምልክት ይሰጣል። ድሮ በእግሮቹ መሃል በጣቶቹ ነበር፤ አሁን ቁልፍ ይጫንና ወርዋሪው ቆቡ ውስጥ ድምፅ ይሰማል። ወርዋሪው ራሱን ከነቀነቀ፣ በካቸሩ ምርጫ አልተስማማም። ተመልካቹ ሁሉ ይህን ያያል። መቺው ዱላውን ትንሽ ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ አጠር ፈጠን እንዲልለት። መሃል ሜዳ ያሉት ተከላካዮች ሁለት ሦስት እርምጃ ወደፊት ይጠጋሉ።

እስካሁን ኳሷ አልተወረወረችም። እኔ ግን ትንፋሼን ይዣለሁ። 8 ለ 1 በሆነ ጨዋታ ይህችው ኳስ ምንም አይደለችም። ባዶ ለባዶ ላይ ግን ጨዋታው በሙሉ እሷ ናት።

ይሄ ክሪኬት አይደለም እንዴ? ወይስ የኛ ገና ጨዋታ?

ከክሪኬት ጋር ዘመድ ነው፣ ግን ሌላ ነው። ገና ደግሞ ሩሯን መሬት ለመሬት እየመቱ ወደ ተቃራኒ ወሰን ማድረስ ስለሆነ ለሆኪ ይቀርባል። በዱላ መምታቱ ብቻ ነው የሚያገናኛቸው።

አዲስ አበባ ሆኜ በስንት ሰዓት ነው የማየው?

እንደ ከተማው ይለያያል። ውድድሩ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ጥቅምት ድረስ ነው። በዚያ ወቅት ኒው ዮርክና ቦስተን ከእኛ በ7 ሰዓት፣ ሎስ አንጀለስና ሲያትል በ10 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ኒው ዮርክ ላይ በእነሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 7:10 የሚባለው ጨዋታ እኛ ጋ ከሌሊቱ 8:10 ይጀምራል። የሎስ አንጀለሱ ንጋት 11:10 ነው። የሎስ አንጀለሱን እወደዋለሁ። ማልዶ ለተነሳ ሰው ቁርሱ ነው፣ ባያልቅም ታክሲ ውስጥ በስልክ ይቀጥላል።

ለጀማሪ የምመክረው ግን የእሁዱን ነው። እሁድ እነሱ በቀን ይጫወታሉ። ኒው ዮርክ ላይ በእነሱ አቆጣጠር ከቀኑ 1:10 የተጀመረ ጨዋታ እኛ ጋ ከምሽቱ 2:10 ነው። እራት ተበልቶ፣ የእንግሊዙ ኳስ ሊያልቅ ሲል፣ ልጆች ሊተኙ ሲሉ ማለት ነው።

ደግሞም እንደ ድሮው አይረዝምም። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ወርዋሪው ላይ ሰዓት ይቆጠርበታል። ቤዝ ላይ ሰው ከሌለ በ15 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት። ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ጨዋታ በዚያው ዓመት በአማካይ ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወረደ።

የት ይታያል?

ዲኤስቲቪ ቤት ገብታችሁ ቤዝቦል ክፈቱልኝ ብትሉ ጠረጴዛው ሁሉ ይዞርባችኋል፤ ስክሪኑ የኳስ ነው። እኔ በስልክ ነው የማየው። ሊጉ የራሱ መተግበሪያ አለው፣ ይከፈልበታል። ዳታ የሚቆጥብ ሰው የሊጉን ዩቲዩብ ጠዋት ይክፈት፤ የሌሊቱን ጨዋታ አሳጥረው ያወጡታል። ግን 1 ለ 0 ያለቀ ጨዋታ በአጭሩ ሲታይ ነፍሱ ይወጣል። የሚቆርጡት በሙሉ የጠበቃችሁት ነውና።

ዘጠኙ ኢኒንግ ባዶ ለባዶ ቢያልቅስ? አቻ? ፔናሊቲ?

ሁለቱም የለም። አንዱ እስኪያሸንፍ ይቀጥላሉ። ከ2020 ወዲህ በመደበኛው ውድድር ከ10ኛው ኢኒንግ ጀምሮ ሁለተኛ ቤዝ ላይ በነፃ ሯጭ ያስቀምጣሉ፣ ቶሎ እንዲያልቅ። እኔ አልወደውም። ያልሠራኸውን ሥራ እንደሠራህ መቁጠር ነው። ደግነቱ በጥሎ ማለፉ ይህ ደንብ የለም። እዚያ ከባዶ ጀምረህ በራስህ ጉልበት ነው የምትገባው። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2022 ሲያትል ላይ ያ ሌሊት የመጣው።

ያኔ ፒያሳ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ በታች ነበር የምኖረው። ጥቅምት 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ። ሲያትል ማሪነርስ ከሂዩስተን አስትሮስ። ሲያትል በሜዳው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሲያስተናግድ እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ከአምስቱ ጨዋታ ሁለቱን ቀድሞ ተሸንፏል። ይህን ከደገመ ዓመቱ አበቃ። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 5:07 ጀመሩ።

የሲያትሉ ጆርጅ ኪርቢ ሰባት ኢኒንግ ወረወረ፣ ምንም። የሂዩስተኑ ላንስ መካለርስ ስድስት ወረወረ፣ ምንም። ተቀያሪዎቹ ገቡ፣ አሁንም ምንም። ስምንተኛው ላይ የሲያትሉ ኹሊዮ ሮድሪጌዝ ኳሷን ከአጥሩ ጋር አላተማት፤ ትንሽ ከፍ ብትል ኖሮ ሲያትል በመራ። ዘጠኙ ኢኒንግ አለቀ። አስር። አስራ ሁለት። በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ተቀምጫለሁ፤ የጥቅምት ብርድ ታውቁታላችሁ።

ወደ 10 ሰዓት ላይ የግቢያችን ጥበቃ ጋሼ መስኮቱን መታ መታ አደረጉ። "ልጄ፣ ደህና ነህ? መብራቱ ሳይጠፋ አደረ" አሉኝ።

"ደህና ነኝ ጋሼ፤ ጨዋታ እያየሁ ነው።"

"ስንት ለስንት ናቸው?"

"ባዶ ለባዶ።"

"ከስንት ሰዓት ጀምሮ?"

"ከማታ 5 ሰዓት።"

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ገብተው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉና "እስቲ የሚወረውረው የቱ ነው?" አሉኝ። ሉዊስ ጋርሲያ ነበር፣ የሂዩስተን ስምንተኛ ወርዋሪ። ከ14ኛው ኢኒንግ ጀምሮ እሱ ብቻ ነው። "ይሄ ልጅ ደክሟል፣ ግን አይለቅም" አሉ። ደንቡን አላስረዳኋቸውም። ፊቱን አይተው ነው።

18ኛው ኢኒንግ ላይ የሂዩስተኑ ጄሬሚ ፔኛ፣ ያኔ የመጀመሪያ ዓመቱ ነበር፣ ኳሷን ከአጥሩ አሻገራት። 1 ለ 0። ስታዲየሙ ጸጥ አለ። ጋርሲያ ተመልሶ የመጨረሻዎቹን ሦስት ሰዎች አስወጣ። አምስት ኢኒንግ ብቻውን ይዞ ጨረሰ። ጨዋታው 6 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ፈጅቷል። እኛ ጋ ወደ ንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው፣ የጊዮርጊስ ድምፅ ማጉያ ከተከፈተ ቆይቷል። ጋሼ ተነስተው አማተቡና "አንዷን ለማግኘት ነው ሌሊቱን ሙሉ የታገሉት፤ በጥቅምት አንድ አጥንት ማለት ይሄ ነው" ብለው ወደ በራቸው ሄዱ።

ሂዩስተን ያን ዓመት ሻምፒዮን ሆነ።

ወርዋሪው በደንብ እየወረወረ ለምን ይቀይሩታል?

ቡና ስታፈሉ አስቡት። አቦሉ ወፍራም ነው፣ ይመታል። ቶናው ደህና ነው። በረካው ቀጥኗል። ወርዋሪም እንዲሁ ነው። ዘጠኙ መቺዎች በየተራ ይመጡበታል። በመጀመሪያው ዙር አያውቁትም፣ ጉልበቱም ሙሉ ነው። በሁለተኛው ትንሽ ለምደውታል። ሦስተኛ ጊዜ ሲመለሱ ኳሷ እንዴት እንደምትሰበር ሁለት ጊዜ አይተዋል፣ ክንዱም ዝሏል። አሰልጣኞች በረካውን ሳይጠጡ ጀበና የሚቀይሩት ለዚህ ነው። አንድ ወርዋሪ 100 ኳስ ገደማ ከወረወረ ዛሬ ዛሬ ብዙ አያቆዩትም።

ግን ሦስቱንም ዙር አቦል ሆኖ የዋለ ሰው አለ። ጃክ ሞሪስ ይባላል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 1991፣ የሻምፒዮናው ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ፣ ሚኒሶታ ትዊንስ ከአትላንታ ብሬቭስ። እኛ ጋ ጥቅምት 17 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ ሰኞ ማለዳ። ደርግ ከወደቀ ገና አምስት ወሩ ነው፤ መሃል ከተማው ላይ ስለዚህ ጨዋታ ያሰበ ሰው የነበረ አይመስለኝም። ሞሪስ 36 ዓመቱ ነው፣ የተወለደውም እዚያው ሚኒሶታ ነው። በሌላው ወገን የሚወረውረው ጆን ስሞልትዝ ደግሞ ልጅ ሳለ ሞሪስን እያየ ያደገ ወጣት ነው።

ስምንተኛው ላይ አትላንታ ሊያሸንፍ ምንም አልቀረውም ነበር። ሎኒ ስሚዝ አንደኛ ቤዝ ላይ ሳለ ጓደኛው ኳሷን አርቆ መታት። ስሚዝ ቢቀጥል በቀላሉ ይገባል። እሱ ግን ሁለተኛው ቤዝ ላይ ቆመ፤ ኳሷ የት እንዳለች አላወቀም። የሚኒሶታ ተከላካዮች ኳሷ እነሱ ጋ ያለች አስመስለው እጃቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ሲነቃ ሦስተኛ ቤዝ ብቻ ነው የደረሰው። ነጥብ ሳያስገባ ቀረ። አንድ እርምጃ ማመንታት የሻምፒዮና ዋንጫ ዋጋ ነበረው።

ሞሪስ አስሩንም ኢኒንግ ወረወረ፣ 126 ኳስ። ከዘጠነኛው በኋላ አልወጣም አለ። 10ኛው ላይ ሦስቱም ቤዝ ሞልቶ፣ ተቀይሮ የገባው ጂን ላርኪን ኳሷን ወደፊት ከተጠጉት ተከላካዮች ጀርባ ጣላት፣ ዳን ግላደን ገባ። 1 ለ 0።

እንዲህ ወርውሮ የተሸነፈ አለ?

አለ። ሃርቪ ሃዲክስ፣ የፒትስበርግ። ሜይ 26 ቀን 1959፣ ሚልዋኪ ላይ። ያን ቀን ጉንፋን ይዞት ነበር። አስራ ሁለት ኢኒንግ ወርውሮ 36 ሰው በተከታታይ አስወጣ። አንድም ሰው አንደኛ ቤዝ አልደረሰበትም። ዘጠኙን እንዲህ መጨረስ በራሱ ታሪክ ነው፤ እሱ ሦስት ጨመረበት። ግን የራሱ ቡድን አንድ ነጥብ ሊያገኝለት አልቻለም። የሚልዋኪው ሉ በርዴት 12 ጊዜ ተመትቶ እንኳ ማንንም አላስገባም።

13ኛው ላይ የሃዲክስ ተከላካይ ኳስ አበላሸ፣ ሰው ቤዝ ደረሰ። ጥቂት ቆይቶ ጆ አድኮክ መታው። 1 ለ 0 ተሸነፈ። ይባስ ብሎ ሊጉ እ.ኤ.አ. በ1991 ደንቡን ሲያጠብቅ፣ የሃዲክስ ጨዋታ ምንም ሳይመቱ ከወጡ ወርዋሪዎች ዝርዝር ተሰረዘ። እኔ ይሄን አልቀበልም። ከዝርዝሩ ቢፋቅም 36ቱ ሰዎች ሞተዋል።

ልጀምር ብል ምኑን ልከታተል?

ኳሷን ብቻ አትከተል። ካቸሩ ጓንቱን የት እንደዘረጋ እይ፣ ከዚያ ኳሷ እዚያ መድረሷን እይ። ጓንቱ ሳይንቀሳቀስ ከገባች ወርዋሪው ዛሬ ክንዱ ታዞለታል። ጓንቱ ወዲያ ወዲህ ማለት ከጀመረ በረካው እየመጣ ነው። ሜዳው ዳር የሚያሟሙቅ ሰው ከተነሳ አሰልጣኙም አይቶታል ማለት ነው።

የመጪውን እሁድ ማታ ሞክር፣ 2:10 ላይ። ሰባተኛው ኢኒንግ ደርሶ ባዶ ለባዶ ከሆነ ደውልልኝ። እኔም እያየሁት ነው።